በስሜ በቀረበ ክስ የተዘጋው የማዞርና የሚዛን ሕክምና

ቀን፦ ኅዳር 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለደጋ በር ሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ
መካነ ሰላም

ጉዳዩ፦ በስሜ የቀረበው ክስ እንዲነሣና የፊዚዮቴራፒ ክፍሉ ማዞር ያለባቸውን ሕሙማን መቀበል እንዲቀጥል ስለመጠየቅ

አመልካች ዓሊማ ጠሃ የወግዲ ነዋሪ ስሆን ለሴት ልጆች ቁርአን አስቀራለሁ።

1. ካለፈው ክረምት ጀምሮ ቀና ወይም ጎንበስ ባልሁ ቁጥር ምድር ትዞርብኝ ነበር። ለሱጁድ ግንባሬን መሬት ማስነካት ስላቃተኝ ተቀምጬ መስገድ ጀመርሁ። ልጆቹ ፊት ወድቄ ጥርሴ ከተሰበረ በኋላ ማስቀራቱንም ተውሁት። መድኃኒት ብውጥ እንቅልፍ እንጂ ፈውስ አላገኘሁበትም።

2. የሆስፒታልዎ ሐኪም መርምረው ወደ ፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ ወ/ሪት የሻለም አበጋዝ ላኩኝ። እሷም «እትዬ ዓሊማ፣ ሳስተኛዎት ቤቱ ይዞርብዎታል፤ አይፍሩ፣ ይዤዎታለሁ» ብላ አስቀድማ ነግራኛለች። ራሴን ወደ ጎን አዙራ ስታስተኛኝ ዓይኔ ተንቀጠቀጠ፤ ጮኽሁ። እሷ ግን ሳትለቀኝ ሕክምናውን ጨርሳ አስቀመጠችኝ። ያን ጊዜ አስመለሰኝ። ደጅ የነበረው ልጄ ኢማድ በሩን በርግዶ ገባና «የእናቴን አንገት ልትሰብሪ ነው!» ብሎ ጎትቶ አወጣኝ። በዚያው ቀን በእኔ ስም ከሰሳት። እኔን የጠየቀኝ የለም። በማግስቱ ንጋት ላይ ለሱብሒ ስሰግድ ፈራ ተባ እያልሁ ግንባሬን መሬት አስነካሁ። አልሐምዱሊላህ፣ ቤቱ ባለበት ቆመ። እዚያው ተደፍቼ አለቀስሁ።

3. ከክሱ ወዲህ ማዞር ያለበት ሁሉ ደሴ ሂድ ይባላል። ተቀምጦም የሚዞርበት ሰው በዚያ ጠመዝማዛ መንገድ በአውቶቡስ ምን እንደሚሆን ክቡርነትዎ አያጡትም። የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚያስተምሩት ጎረቤቴ መሪጌታ ኪዳነ ማርያም የሚዛን ልምምዳቸው መካከል ላይ ተቋረጠባቸው። ባለፈው እሑድ ከደጀ ሰላሙ ደረጃ ወድቀው እጃቸው ተሰበረ። ልጠይቃቸው ብሄድ «ዓሊማ፣ በአንቺ ክስ ተዘጋ ይላሉ፤ እውነት ነው?» አሉኝ። ከዚያ ተመልሼ ይህን አቤቱታ ጻፍሁ።

4. ስለዚህ ክሱ የእኔ እንዳልሆነ ቃሌ እንዲያዝልኝ፣ በወ/ሪት የሻለም ላይ የተጀመረው የቅጣት ሂደት እንዲቆም፣ ከሐኪሙ ጋር ሆና ሕሙማንን መቀበሏን እንድትቀጥል በትሕትና እጠይቃለሁ። አስታማሚም ደጅ ከሚቀር ገብቶ የሚሆነው ይነገረው። ልጄን ያሳሳተው ፍርሃት እንጂ ክፋት አልነበረም።

የእኔም የሚዛን ልምምድ ገና ስላላለቀ ብዙ መቆም አልችልምና ራሴ አልመጣሁም። ይህን አቤቱታ ይዞ ደጅዎ የቆመው ኢማድ ራሱ ነው። ክሱን በአፉ ሊያነሣ መጥቷልና እባክዎ ሳይሰሙት አይመልሱት።

ለእርስዎና ለቤትዎ ጤናና ዓፊያ እየተመኘሁ፣
ከሰላምታ ጋር
ዓሊማ ጠሃ
(ፊርማ)