ደሃቦ ሱቋን ለማን ትታ ሄደች?

ትርሲትዬ፣

እስካሁን ድንጋጤው አልለቀቀኝም! ለጥናቴ ብዬ ጅጅጋ ገበያ ጨርቅ የምትሸጠውን ደሃቦን «ተፎካካሪሽ ማን ነው?» አልኳት። ቃሉ ስላልገባት «አጠገብሽ ሆኖ ያንቺኑ ዓይነት ዕቃ የሚሸጥ» ብዬ አስረዳኋት። «ኦ፣ ደሪስ! ጎረቤት በል እንጂ!» ብላ ቢሻሮን አሳየችኝ።

አዛን ሲል ደሃቦ ሱቋን ብርግድ አድርጋ ትታ ልትሰግድ ሄደች። ወዲያው ገዢ መጣ። የመስገድ ተራዋን የምትጠብቀው ቢሻሮ ምን ብታደርግ ጥሩ ነው? የራሷን ጨርቅ ትታ የደሃቦን ሸጠችላት! «በምን ታሸንፊያታለሽ?» የሚለውን ቀጣዩን ጥያቄዬን ዋጥ አደረግኩት።

አንቺና ቀለምወርቅ ግን እዚያ ደሴ አንድ ዓይነት ዕቃ እየሸጣችሁ፣ በአንድ ግድግዳ ተለያይታችሁ ሰላምታ እንኳ የላችሁም።

ፖስት ካርዱ ሞላብኝ፤ እማማን ሳሚልኝ። ለቀለምወርቅም ሰላምታዬን አድርሺልኝ። በሰው እንዳትልኪ፣ ራስሽ ሄደሽ።

ጁነይድ