ግማሽ ፍጥነት

ደብረ ማርቆስ
ኅዳር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለወንድሜ ለየሺዋስ፤

እንደምን ከርመሃል? የድሬዳዋ ሙቀትስ እንዴት ይዞሃል? እኔም እማዬም በጤና በኩል ደህና ነን፤ እግዚአብሔር ይመስገን። ስደውል አታነሳም። ለምን አታነሳም ብዬ እንዳልቆጣህም አፍ የለኝም። ስለዚህ ይህን ወረቀት በእንዳላማው እጅ ሰድጄልሃለሁ፤ ከሱቃችን ጎን ጫማ የሚሸጠው እንዳላማው፣ ዕቃ ሊያመጣ ወደ እናንተ ይወርዳል። አንብበህ እስክትጨርስ ከአጠገብህ እንዳይንቀሳቀስ አደራ ብዬዋለሁ። ሰው እያየህ የእህትህን ደብዳቤ ቀድደህ እንደማትጥል አውቃለሁ፤ ይሉኝታህን መጠቀሚያ አደረግኩት፣ ይቅር በለኝ።

ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርህ። የመምህር ሀይለመለኮት ኮምፒውተር ምንም አልሆነም ነበር። ፕሮሰሰሩን ማንም አውጥቶ በደካማ አልቀየረውም። አንተ አልሰረቅክም። ሌባ ያልኩህ በሐሰት ነው።

ይህችን ለመጻፍ ስንት ወረቀት እንዳበላሸሁ ብታይ ትስቅብኝ ነበር። እኔ፣ ለሰው ሁሉ መልስ የማላጣው አይናለም፣ ቃል አጣሁ።

ያወቅኩት በጥቅምት ነው። አንድ መሥሪያ ቤት አዳዲስ ኮምፒውተሮች ገዝቶ እንድገጥምለት ጠራኝ። ካርቶናቸው ያልተከፈተ፣ ፕላስቲካቸው ያልተላጠ፣ ውስጣቸው ያለውም የመምህር ሀይለመለኮት ዓይነት ፕሮሰሰር ነው። እንደ ልማዴ ፍላሼን ሰካሁና ያንኑ የፍጥነት ማያ ፕሮግራሜን ከፈትኩ። ሦስት ነጥብ ስድስት ጊጋኸርዝ ማለት የነበረበት አንድ ነጥብ ስምንት አለኝ። ሌላውን ከፈትኩ፤ እሱም አንድ ነጥብ ስምንት። በአንተ ላይ የፈረድኩበት ያው ቁጥር። ከፋብሪካ እስከ ደብረ ማርቆስ ማንም ያልነካውን ካርቶን አንተ ድሬዳዋ ተቀምጠህ አልሰረቅከውማ።

ምክንያቱን ስደርስበት ደግሞ ይብስ አፈርኩ። ለካ ፕሮግራሙ ፍጥነቱን በራሱ አይለካም። ፕሮሰሰሩ የሚሰጠውን ቁጥር ያነብና በአንድ ቋሚ መነሻ ቁጥር ያባዛዋል። አዳዲሶቹ ፕሮሰሰሮች ቁጥራቸውን የሚሰጡበትን መንገድ ቀይረዋል፤ የእኔው ፕሮግራም ግን ዩኒቨርሲቲ ሳለሁ ከጓደኛዬ የገለበጥኩት ነው፣ እነሱ ሳይሠሩ የተሠራ። በድሮው ስሌት ሲያባዛ ግማሹን ያስቀረዋል። ኢንተርኔት ጨርሶ የጠፋ ጊዜ አዲሱን ማውረድ አይቻልም ነበር፤ እውነት ነው። መምጣት መሄድ ከጀመረ በኋላ ግን ትዕግሥት ያለው ሰው ያወርደው ነበር። እኔ አላወረድኩም። የማይሳሳት ነገር ለምን ይታደሳል ብዬ? በመጨረሻ አዲሱን አውርጄ በእነዚያው ኮምፒውተሮች ላይ ከፈትኩት፤ ሦስት ነጥብ ስድስት አለኝ።

አንተ እኮ ነግረኸኝ ነበር። ያን ለት በነሐሴ ዝናብ፣ መምህር ሀይለመለኮት ያጸዳህለትን ኮምፒውተር ሊወስድ ሱቃችን ቆሞ ሳለ፣ ቁጥሩን አይቼ ስጮህብህ፣ በመጀመሪያ ሥራ የፈታ ፕሮሰሰር ራሱ ፍጥነቱን እንደሚቀንስ፣ ሥራ ሰጥቼ እንዳየው ነገርከኝ። ትልቅ ፋይል እንዲጨምቅ አዘዝኩት፤ ቁጥሩ ንቅንቅ አላለም። ቀጥለህ ዊንዶውሱ የፕሮሰሰሩን ስም በትክክል እንደሚጽፍ አሳየኸኝ። እኔ ደግሞ ብልጥ ነኛ! አጭበርባሪ ነጋዴዎች ያን ስም እየለወጡ አሮጌውን በአዲስ ዋጋ እንደሚሸጡ አውቃለሁ፣ አንዴም ተሸውጃለሁ፤ ስምማ ማንም ይጽፋል ብዬ አፍህን ዘጋሁት። ፕሮግራሙ ተሳስቶ ይሆናል ስትልም ሳቅኩብህ። በመጨረሻ ማቀዝቀዣውን እናንሳና ፕሮሰሰሩ ጀርባ ላይ የተጻፈውን እናንብብ አልክ። ያ ነበር ትክክለኛው መንገድ። ግን በመካከላቸው የሚቀባው ቅባት አልቆብን፣ መንገድ ተዘግቶም ከአዲስ አበባ የሚያመጣልን አጥተን ነበር። ከተነሳ ያለ እሱ መልሶ መግጠም አይሆንም፤ ደንበኛው ደግሞ ቆሟል።

መክፈቱ አልሆን ሲለኝ ማል አልኩህ። “‘ቅዱስ ማርቆስን፣ አልነካሁም’ በል፤ ይበቃኛል” አልኩህ፤ መምህሩም፣ ዝናብ ሊጠለሉ የገቡትም ሰዎች እየሰሙ።

“እትዬ፣ አልምልም። ለምን እንደማልምል አንቺ ታውቂያለሽ” አልከኝ።

“የማይምል ሰው የሚደብቀው አለው” አልኩ።

አውቅ ነበር፣ የሺ። አባባ ከአማኑኤል በታች ያለችውን እርሻ ያጣት ባለመማሉ እንደሆነ አውቅ ነበር። ሽማግሌዎቹ ማልና ውሰድ ሲሉት፣ መሬቷ የእኔ ናት፣ እግዜርን ግን ለድንበር ምስክርነት አልጠራም ብሎ ልብሱን አራግፎ እንደተነሳ አንድ ላይ ሆነን ነው የሰማነው። እውነት ቢሆንም አትማሉ እያለ ነው ሁለታችንንም ያሳደገን። ሌላ ሰው ማል ቢልህ አያውቅም ይባላል። እኔ ግን እንደማትምል እያወቅኩ ጠየቅኩህ፤ አለመማልህንም መስረቅህ አደረግኩት። ቦርሳህን አንስተህ በዚያ ዝናብ ወጣህ። እኔም አልጠራሁህም።

ይህ ሁሉ የፕሮግራሙ ጥፋት ቢሆን እንዴት በቀለለኝ። ያ ፋይል ሲጨመቅ ዓይኔ እያየ ቶሎ አለቀ። በግማሽ ፍጥነት የሚሠራ ኮምፒውተር እንዲያ አይጨርስም፤ ይህን ለማወቅ ምንም ፕሮግራም አያስፈልገኝም፣ በዚህ ሥራ ነው ያደግኩት። አየሁት፤ ዝም አልኩ። በዚያ ሰሞን የሚመጣው ደንበኛ ሁሉ እኔ ተቀምጬ እያለሁ በሩ ላይ ቆሞ “የሺዋስ የለም?” ይል ነበር። ሱቁን የከፈትኩት እኔ፣ ዊንዶውስ መጫን ያስተማርኩህ እኔ። ከዚህ በላይ አታስጽፈኝ።

በሰው ፊት ያዋረድኩህን በሰው ፊት ለማንሳት ሞክሬያለሁ። መምህር ሀይለመለኮት የሚያስተምርበት ትምህርት ቤት ሄጄ፣ ጓደኞቹ ባሉበት ነገርኩት። “ኮምፒውተሩማ ከወሰድኩት ጀምሮ ፈጣን ነው፤ የእህትና የወንድም ነገር መስሎኝ ነው ዝም ያልኩ” አለኝ። መሬት ብትከፈት ደስ ይለኝ ነበር። ከሱቁ ደጅም ቆሜ ለጎረቤቶቻችን ተናገርኩ። እንዳላማው አንተን ከማየቱ በፊት ከእኔ አፍ ሰምቷል። አንዳንዶቹ እኛስ ድሮም አላመንንሽም አሉኝ፤ ሌሎቹ ጭራሽ ረስተውታል። አንድ ሰው ከከተማ የተሰደደበት ነገር ለካ እንዲህ ይረሳል።

ና አልልህም። ልልህ እፈልጋለሁ፣ ግን ና ለማለት የሚያበቃ ነገር አልሠራሁም። የመፍቻ ሳጥንህን አልነካሁትም፣ ወንበርህ ላይም ሰው አላስቀመጥኩም። ደንበኞች አሁንም ይጠይቁኛል፤ የት ሄደ ሲሉኝ በእኔ ጥፋት ነው የሄደው እላቸዋለሁ።

የምለምንህ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ለእማዬ ደውልላት። አማኑኤል ቤቷ ድረስ ሄጄ ልጅሽ ንጹሕ ነው አልኳት። አለቀሰች፣ ከዚያ ደግሞ ተነስታ መሬቱን ሳመች። ስትረጋጋ ዓይን ዓይኔን እያየች “ልጄ፣ ማል አላልሽውም አይደል?” አለችኝ።

“አላልኩትም” አልኳት።

“እኔስ እሱን ነበር የፈራሁ” አለችና ስለ ጤፉ አጨዳ ታወራኝ ጀመር። እኔም አብሬያት ምሳ በላሁ፤ ስለ ጤፉም ጠየቅኳት።

ስለዚህ ስትደውልላት ትጠይቅህ ይሆናል። እኔን ለማዳን ብለህ እንዳትዋሽ። እንደምታድነኝ ግን አውቃለሁ፤ ብትቀየመኝም እንኳ ታድነኛለህ፣ እማዬም ታምንሃለች፣ እኔም ከናንተ መካከል ተቀምጬ በሰላም እበላለሁ። ይህን ሳስበው ሌባ ካልኩህ ቀን የበለጠ አፍራለሁ። ነገ እሑድ ነው። “ነገ አማኑኤል ሄጄ ራሴ እነግራታለሁ” ብዬ እዚህ ላይ ጽፌልህ ነበር፤ መልሼ አነበብኩትና ሰረዝኩት። እግሬ ደጇ ድረስ ያደርሰኛል። አፌን ግን አላምነውም።

ፈጣሪ በሄድክበት ሞገስ ይስጥህ፤ እንጀራህን ያስፋልህ፤ ከሚያማህ፣ ከሚከስህ ሰው አፍ ይሰውርህ፣ የእኔንም ጨምሮ።

እህትህ አይናለም