ነብሩን በስሙ የጠራሁት እኔ ነኝ

ለምወድህና ለምትናፍቀኝ ወንድሜ ለዲያቆን ህሩይ፤ እንደምን ከረምክ? የገዳሙ ብርድ እንዴት ይዞሃል? ያ ያስቸግርህ የነበረው ደረትህስ ተሻለህ ወይ? እኔና እናታችን ፈጣሪ ይመስገን በሕይወት አለን። ደህና ነን ብዬ ግን አልዋሽህም። ስልክ ከማይገባበት ሆነህብኝ ነው እንጂ ይህን በወረቀት ባልነገርኩህ።

አያ ህሩይ፣ ነፍሱን ይማረውና አባታችን፣ አዳም በገነት ለነብር ያወጣለትን ስም ሲያስተምረን፣ በዚያ ስም የተጠራ አውሬ ጥፍሩን ሰብስቦ ይመጣልና ለመግደል አትጥሩበት ብሎን ነበር። ዘንድሮ አንድ ነብር ከገደሉ ወጥቶ ፍየሉን ሁሉ ፈጀው። በመስከረም ደግሞ የጎረቤታችንን የብርቄን ልጅ ከደጃፏ አንቆ ወሰደው፤ ያገኘንላት አንድ እግሩን ብቻ ነው። ብርቄ እግሬ ላይ ወድቃ አለቀሰች። ሚሊሻው አወቀም አስረን ቆላ እንለቀዋለን እንጂ አንገድለውም ብሎ በታቦቱ ማለልኝ።

ጠራሁት። በጠራራ ፀሐይ ከጽድ ዛፎቹ መካከል ወጣ፤ መልኩ ሸጋ፣ ዓይኑ የሕፃን። መጥቶ እግሬ ሥር ተጋደመ። ያን ጊዜ አወቀ በመጥረቢያ ወገቡን በጠሰው፤ አብሮት የመጣው አድማሴም ደገመው። አያ፣ አልተከላከለም እኮ! ነፍሱ እስክትወጣ የሚያየው እኔን ነበር። ምነው እጃቸው በተቆረጠ! ደሙ ከቀሚሴ አልለቅ ብሏል።

ከዚያ ወዲህ እንስሳው ሁሉ ከሰው ተጣላ። አወቀን የገዛ በሬው ሊጠምደው ሲል ሆዱን ዘረገፈው፤ አንጀቱን በቀንዱ እየጎተተ ማሳውን ዞረ። አድማሴን ጭላዳ ዝንጀሮዎች ከገደሉ አፋፍ ከበው ዓይኑን አወጡት፤ በማግስቱ ሞተ። እናታችንን ራሷ ከቡችላነቱ ያሳደገችው ውሻ ክንዷን ነክሷታል፤ ቁስሏ ግን እየደረቀ ነውና አትጨነቅ።

የቀረሁት እኔ ነኝ። ትናንት ረፋድ ላይ ከጽዱ መካከል በክርስትና ስሜ ወለተሩፋኤል ብለው ጠሩኝ። ድምፁ የሰው አይደለም። መሸሽ ሲገባኝ እግሬ ወደ እነሱ ሄደ፤ እናታችን ናት ሮጣ ይዛ ወገቤን ከምሰሶው ጋር ያሰረችኝ። ይህንንም የምጽፍልህ እንደታሰርኩ ነው። አንተ እንዳትመጣ፣ አደራህን! ያንተንም ስም ያውቁታል። ስለ እኔ ደግሞ ፈርታ ሞተች ብለህ አትዘን። ሲጠሩኝ ልቤ በደስታ ነው የሞላ፤ ለካ ነብሩም እንዲህ ደስ ብሎት ነው የመጣ።

እናታችን አባይነሽ ዓይንህን ትስማለች። ብርቄም ሰላም ብላሃለች። መምህርህን አባ ገብረ ኪዳንን ጉልበታቸውን ሳምልኝ፤ በጸሎታቸው ያስቡኝ። ስሜን ግን ቀስ ብለው ያንሡት፤ ከሩቅም ቢጠሩኝ እሰማለሁ፣ ገመዱም ያረጀ ነው።

እህትህ ይመኙሽ
ኮሶዬ፣ ኅዳር ፱ ቀን ፳፻፲፯ ዓ.ም.