ከፋይ ላይ የተጠለፈ ማዕረግ

ኅዳር 28፣ ጠዋት 2፡30

ክር እያስገባሁለት ነው። አባየ ዓይኑ ደክሟል፣ የመርፌው ቀዳዳ አይታየውም፣ መነጽር ግን በጄ አይልም። በቀን አሥር ጊዜ ይጠራኛል። አስገባለሁ። አንዳንዴ ክሩ ቀዳዳውን ይስትብኛል። ብርድ ነው እለዋለሁ፤ የኅዳር ብርድ ስላለ ያምነኛል።

ደብተሬ፣ ከኋላሽ ስለጀመርኩሽ ይቅር በይኝ። ከፊትሽ የካርታ ንባብ ትምህርት አለ፣ የኮምፓስ አያያዝ፣ የሦስት ወር ማስታወሻ። ያንን መግለጥ አልፈልግም። ሽፋንሽ ውስጥ ደግሞ አንዲት ወረቀት አለች። ማኅተም ያላት። «በራሱ ፈቃድ ሥልጠናውን አቋርጧል» ትላለች። እስካሁን ያየሻት አንቺ ብቻ ነሽ።

ቤት የሚወራው ሌላ ነው። ይርጋ እጩ መኮንን ነው፣ ለዕረፍት መጥቷል፣ ከገና በኋላ ይመለሳል፣ ይመረቃል። ያወራሁት እኔው ነኝ። ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ቦርሳዬን ከትከሻዬ ሳላወርድ። አባየ እንዴት ለቀቁህ አለኝ። ዕረፍት ነው አልኩት። ያቺ አንዲት ቃል ይኸው ሁለተኛ ሳምንቷን ያዘች።

ያው ቀን፣ ከሰዓት

ምን እየተጠለፈ እንደሆነ አልነገርኩሽም። ጥላ ነው። የእማየ ስለት። የሄድኩ ለት ለሰፈራችን ገብርኤል ተሳለች፤ መኮንን ሆኜ እንድመለስ። አባየ የቤተ ክርስቲያን ልብስ ሰፊ ነውና ጥላውን ለሌላ ሰው አልሰጥም አለ። ቀይ ከፋይ፣ ወርቅማ ዘርፍ። ለታኅሣሥ ገብርኤል ይገባል። ለጥምቀት ደግሞ ታቦቱን አጅቦ ቀሐ፣ ወደ ጥምቀተ ባሕሩ ይወርዳል። አገር ያየዋል።

ስለት ላይ የሚጻፍ ከተጻፈ የክርስትና ስም ነው። አባየ ግን ጠርዙ ላይ በጠመኔ ያሰመረው «ምክትል መቶ አለቃ ይርጋ» ብሎ ነው። ምረቃው ከጥምቀት በኋላ ስለሆነ ቀድሞ ሊጽፈው። እማየ ተቃወመች። ገብርኤል ማዕረግ አይጠይቅም አለች። አባየ ሳቀባት። እኔም አብሬው ሳቅሁ። አፈርኩ።

ታኅሣሥ 1

«ም» አለቀች፣ «ክ» ተጋመሰች። አንዲት ፊደል ቀን ተኩል ትፈጅበታለች። ዐሥራ ሁለት ፊደል ነው። ማዕረጉ ብቻ ዘጠኝ። ከእንቅልፌ ስነሣ የማስበው ይህን ሆኗል፤ ዛሬ የትኛዋ ላይ ይደርሳል።

ነገ እነግረዋለሁ። አንድ ፊደል ለመተርተር ቀላል ነው።

ታኅሣሥ 3፣ ጠዋት

አልነገርኩትም። «ት» ላይ ነው።

ለምን እንደተውኩ ልጻፍልሽ። ሦስት ጊዜ ጀምሬ ሰርዣለሁ። ማሠልጠኛው ውስጥ የዕለት አዛዥነት በተራ ነው። ተራዬ ደረሰ። ሠላሳ ሰው፣ ሙሉ ትጥቅ፣ ዳገት። ብርሃኑ መሐል ላይ ቆመ። አልጋችን ጎን ለጎን ነው፤ ጉልበቱ ማበጡን ሌሊቱን አይቻለሁ። ትእዛዙ ወይ አስሩጠው ወይ ስሙን መዝግብ ነው፣ ሌላ የለም። ሁለቱንም አልቻልኩም። ድምፄ እምቢ አለ። ሠላሳው ሰው ቆሞ አፍ አፌን ያያል፣ እኔ እግሬን አያለሁ።

የተቆጣኝ የለም። ሻለቃው ለብቻዬ ጠርቶ በደግ ቃል አናገረኝ። ይለመዳል አለ። እውነቱን ነው፣ ሲለመድ አይቻለሁ። ከኔ የባሱ ዓይነ አፋሮች በወሩ ሰው ሲያንበረክኩ አይቻለሁ። በሳምንቱ ማመልከቻ ጻፍኩ።

ይሄ ነው እውነቱ? እንጃ። አንዳንድ ቀን ብርዱ ብቻ ይመስለኛል። አንዳንድ ቀን ሰነፍ ነኝ። አባየ ቢጠይቀኝ የትኛውን እንደምመልስለት አላውቅም።

ታኅሣሥ 5

ወደ ወለቃ መውጫ አንድ የግል ት/ቤት የጂኦግራፊ መ/ር ይፈልጋል ተብሎ ሄድኩ። ርእሰ መምህሩ ዲግሪዬን አየ። ከዚያ እስካሁን የት ነበርክ አለ። ወረቀቷን አወጣሁ። ደብተሬ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ከአንቺ ወጣች። ሁለቴ አነበባት። እየሳቀ፣ ተማሪ ሲያስቸግርህስ ጥለኸን ትሄዳለህ ወይ አለኝ። ቀልድ ነው። እንደውልልሃለን አለ። ስልኬን ግን አልጻፈም።

ስመለስ መንገድ ዳር ያሉት ሸክላ ሻጮች ጋ ቆምኩ። ርእሰ መምህሩ አባየን ቢያውቀውስ? ጎንደር የማይተዋወቅ ሰው የላትም። ለቅሶ ቤት ይገናኛሉ፣ ገበያ ይገናኛሉ። አንድ ዲስት ሳልገዛ እያገላበጥኩ ብዙ ቆየሁ።

ታኅሣሥ 7፣ ከሰዓት

አያ ስጦት መጡ። የአባየ የአጎት ልጅ ናቸው፣ ከማክሰኝት ወዲያ ነው የሚኖሩት። በተኩሱ ምክንያት መንገድ ተዘግቶ ግማሹን በእግራቸው ነው የመጡት። ሱቁ በር ላይ ቆመው ትኩር ብለው አዩኝ።

«ሸጋ ሰው ወጥቶሃል! ግና ምነው እንዲህ ከሳህ?»

ሥልጠና ነው አላቸው አባየ። ከፋዩንም ዘርግቶ አሳያቸው። «ምክትል» አልቃለች። ማንበብ አይችሉም፤ በጣታቸው ዳሰሷት።

ከዚያ የመጡበትን አወጡ። ልጃቸው ማሩ ወታደር ነው። ከመስከረም ወዲህ አልደወለም። የጦር ክፍሉን ቁጥር በብጫቂ ወረቀት አስጽፈው በመቀነታቸው ቋጥረው ይዘዋል። አንተ ለትልልቆቹ ቅርብ ነህ አሉኝ። ሌላ አልልም፣ ደኅና መሆኑን ብቻ ጠይቅልኝ።

ዓይኔን በጨው አጥቤ እጠይቃለሁ አልኳቸው። ጉልበቴን ሊስሙ ጎንበስ አሉ። እኚህ ሽማግሌ! ያዝኳቸው። አባየ በኩራት ያየናል።

ማንን ነው የምጠይቀው፣ ደብተሬ? የለቀቅኳቸውን?

ታኅሣሥ 9

የቀበሌ ልጆች ቤት ለቤት ሲመዘግቡ ዋሉ። ማን ገባ፣ ማን ወጣ። አባየ ሳይጠየቅ መለሰ፤ መኮንን ነው፣ ለዕረፍት የመጣ። ልጁ ጻፈው። እማየ ፊቷ ዐመድ መሰለ። በዚህ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር አይወራም፣ ጎረቤት ይሰማል፣ የሚሰማው ደግሞ የማን ወገን እንደሆነ አይታወቅም። ሲወጡ አባየን በሹክሹክታ ተቆጣችው።

አሁን በመዝገብ ላይ ያልሆንኩትን ሆኛለሁ። ጫካ የገባው ወገን መኮንን ነው ብሎ ይፈልገኛል። ሌላው መዝገቡን አይቶ የት ጠፋህ ይለኛል። ሽሮዬን ሳልበላ ተነሣሁ። ጾም ነው፣ ማንም ልብ አላለም።

ታኅሣሥ 12

ማዕረጉ አለቀ። ዘጠኙም።

አባየ ወደ በሩ ወስዶ በፀሐይ አየው። እኔንም አስጠጋኝ። ያምራል፣ ምን ልበልሽ። በዕድሜው ከጠለፈው ሁሉ ያምራል። «ሐሰትና ስንቅ እያደር ይቀላል» ይላሉ። የኔው ስንቅ እያደር ከበደኝ።

ታኅሣሥ 14፣ ጠዋት 1፡15

አያ ስጦት ሦስት ቀን ሙሉ ማለዳ ማለዳ ደወሉ። መንደራቸው ኔትወርክ የለም። ጉብታው ላይ ወጥተው ነው፤ ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ይጮኻል። «መቶ አለቃ፣ እንዴት አደርክ?» ይላሉ። የመጀመሪያ ቀን እያጣሩ ነው አልኩ። ትናንትም። ዛሬ ደግሞ፣ አልጠየቁኝም እኮ፣ እኔው ከራሴ አውጥቼ፣ ደኅና ሳይሆን አይቀርም አልኳቸው።

እልል አሉ። ሽማግሌ ሰው፣ ብቻቸውን፣ ጉብታ ላይ።

ስልኩን ዘግቼ ጓሮ ወጣሁ።

ታኅሣሥ 16፣ ጠዋት

ከአባየ በፊት ሱቅ ገባሁ። ምላጭ አነሣሁ። ከ«ቃ» ጀመርኩ። ክሩ አይለቅም፤ አባየ የጠለፈው በቀላሉ አይተረተርም። «ለ»። «አ»። «ቶ» ላይ ስደርስ በሩ ተከፈተ።

አባየ ያበድኩ መሰለው። ምላጩን ከእጄ ወሰደ፣ ቀስ ብሎ፣ ከሕፃን እጅ እንደሚወሰድ። ወረቀቷን ሰጠሁት። ወደ ብርሃን አስጠጋት፣ አራቃት፣ አልታየችውም። አንብብልኝ አለ።

እኔው አነበብኩለት። ቀኑን፣ ቁጥሩን፣ ስሜን፣ ሁሉንም፣ እስከ ፊርማው።

አስገደዱህ? የለም። ታመምክ? የለም። አባረሩህ? ደብተሬ፣ አባረሩኝ እንድለው ለመነኝ ማለት ይቻላል። ቢያባርሩኝ የሚጣላው ሰው ያገኝ ነበር። የለም አባየ፣ እኔ ነኝ። ስለ ዳገቱ ልነግረው ጀመርኩ። እጁን አነሣና አስቆመኝ። ጋቢውን ለብሶ ወጣ። ሱቁ ቀኑን ሙሉ ተዘግቶ ዋለ። እኔ እስከማውቀው፣ አያቴ ሲሞት ብቻ ነው እንዲህ የዘጋው።

ታኅሣሥ 17

ለእማየ ነገርኳት። ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እጇን ወደ ላይ ዘርግታ ተመስገን አለች። አልገባኝም። ከዚያ ተናዘዘች። ስለቷ መኮንን ሁኖ ይመለስ የሚል አልነበረም። ሳይመረቅ፣ ሳይላክ፣ መልሰህ ስጠኝ ብላ ነው የተሳለችው። ከአውቶቡስ ስወርድ፣ ዕረፍት ነው ብልም፣ ደርሶልኛል ብላለች። አባየ ያን ማዕረግ ሲጠልፍ ሁሉ ጎኑ ተቀምጣ ጥጥ ስትፈትል ነበር!

ደስ ሊለኝ ይገባል። ይልቅ ተናደድኩ። አራት ሳምንት ሊሞላ ሆዴን የበላኝ የኔ ውሳኔ ነው፣ ጥሩም ይሁን መጥፎ የኔ ነው። እሷ አንሥታ ለገብርኤል ሰጠችው። ያንን ልነግራት ብዬ ጮህኩባት። ዝም በይ አልኳት። ሠላሳ ሰው ፊት እምቢ ያለኝ ድምፅ እናቴ ላይ ወጣ። ዝም አለች፣ በአንድ ቃል። እንዴት ቀላል እንደሆነ አየሁ።

እግሯ ላይ ወደቅሁ። ተነሥ አለችኝ፣ እንጀራ ልስጥህ።

አባየ ከጓዳ ሰምቷል። አልወጣም።

ታኅሣሥ 18፣ ጠዋት

አያ ስጦት ሳይደውሉ ልደውል ብዬ ሞከርኩ፣ አይሠራም። ጉብታው ላይ እስኪወጡ ጠበቅሁ። ሲደውሉ ሁሉንም ነገርኳቸው። መቶ አለቃ አይደለሁም። ማንንም አልጠየቅሁም። ደኅና ነው ያልኩትም ከአፌ ነው።

ነፋሱ ስልኩ ውስጥ ጮኸ። የተቋረጠ መስሎኝ አያ፣ አያ አልኩ።

«እንግዲያስ ማሩን ማን ይጠይቅልኛል?»

ስድብ ጠብቄ ነበር። ስድብ ይሻለኝ ነበር። የጦር ካምፑ በር ድረስ አብሬዎት እሄዳለሁ አልኩ፣ እንደ ዘመድ፣ እንደ ማንኛውም ሰው ቆመን እንጠይቃለን። ወረቀቴን ይዤ። ምን እንደሚሉኝ አላውቅም። ሰኞ እመጣለሁ አሉ። መቶ አለቃ አላሉኝም፣ ይርጋም አላሉኝም።

ያው ቀን፣ 10 ሰዓት

አባየ ሱቁን ከፈተ። የቀሩትን ፊደሎች ራሱ ተረተራቸው። ስሜን ተወው። ግን ከፋይ የመርፌ ቀዳዳ አይሽርም። ዘጠኙም ፊደል ክር አልባ ሆኖ ይነበባል፣ ቀረብ ላለ ሰው። እማየ መስቀል ይደረብበት አለች። ጨርቁንም አመጣች። አባየ አይደረብም አለ። የጠየቀ ካለ እሱ ይመልስ።

እሱ ማለት እኔ ነኝ። በሦስት ቀን ውስጥ ስለኔ የተናገረው ይህን ብቻ ነው።

ታኅሣሥ 19፣ ጠዋት 12፡40

ነጭ ለብሰናል። ቆሜ ነው የምጽፍልሽ፣ አጭር ነው።

ስለት የሚያስገባ ሰው ስሙንና የተሳለበትን ለዲያቆኑ ይነግራል፣ እሱ በድምፅ ማጉያ ለሕዝቡ ያሰማል። ሰፈሩ ሁሉ እዚያ ነው። የቀበሌው ልጅም። የማን ወገን እንደሆነ የማይታወቀው ጎረቤትም። እማየ ምን ልበል ስትል ጠየቀችኝ። አንቺ የራስሽን ለገብርኤል በልብሽ ንገሪው፣ ለዲያቆኑ እኔ እነግረዋለሁ አልኳት። ይርጋ፣ መኮንን ሊሆን ሄዶ ነበር፣ ትቶት መጣ። ይኸው ነው። ከማለቴ በፊት የምሞት ይመስለኛል። ግን እላለሁ።

አባየ በሩ ላይ ቆሟል። ጥላውን በነጠላ ጠቅልሎ ይዞታል። ከቤተሰቡ ታላቅ ነውና ራሱ ይይዘዋል ብዬ ነበር። አሁን ወደኔ ዘረጋው። ፊቱን ወደ መንገዱ አዙሯል። ከባድ ነው፣ በሁለት እጅ ያዝ አለኝ።

ደብተሬ፣ በሁለት እጅ ከያዝኩ አንቺን መያዣ እጅ የለኝም።