ሳይናገሩ የሚለቀም ቅጠል

ሰኞ፣ መስከረም 26

ዛሬም ዱቄት ለብሼ ገባሁ። የወፍጮው ጩኸት ጆሮዬ ውስጥ አልወጣ ብሏል። ሰይድ ግድግዳውን ተደግፎ ተቀምጧል። ጠዋት ትቼው የሄድኩበት ቦታ፣ ያው አቀማመጥ።

ወንድሜ ከዓረብ አገር ከተመለሰ ወዲህ እንዲህ ነው። እስር ቤት ከርሞ መጣ። አይጣላም፣ አያማርርም፣ አይንቀሳቀስም። ዛሬ ግን ፊቱን ወደ በሩ ብርሃን ሲያዞር ዓይኑን አየሁት። ነጩ እርድ የነካው ይመስላል። እማ ከእኔ ቀድማ አይታለች። የወፍ በሽታ ነው አለች፣ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ።

ሐኪም ቤት እንውሰደው አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ። አንቺ ደብተር፣ ይህን ጸጥታ ስንቴ ጽፌልሻለሁ። አባቴ በዚሁ በሽታ ነው የሞተው። ትንሽ ልጅ ነበርኩ። መርፌ ወጉት፣ በማግስቱ ቀበርነው። የወፍ በሽታ መርፌ አይወድም ይላል አገሩ ሁሉ። እማ ግን "ይላሉ" አትልም። እሷ በዓይኗ አይታዋለች።

ስለዚህ ቅጠሉ። ከአባቷ የወረሰችው ነው፤ ከውርጌሳ ድረስ እየመጡ ይወስዱላታል። አሁን ጉልበቷ ኮረብታውን እምቢ ብሏል። ረቡዕ አንቺ ትለቅሚያለሽ አለችኝ። እንዴት ደስ እንዳለኝ! እንዴት እንደፈራሁ።


ማክሰኞ

ትእዛዙ ይኸው። ረቡዕ ብቻ፣ ፀሐይ ሳይወጣ። ጥላዬ እንዳያርፍበት። የቅጠሉ ስም አይጠራም (እዚህም አልጽፈውም፣ አትቀየሚኝ)። ዋናው ደግሞ፦ ከእንቅልፌ ከነቃሁ ጀምሮ ቅጠሉ ተወቅጦ እስኪያልቅ አንዲት ቃል ከአፌ እንዳትወጣ። ከወጣች መድኃኒቱ ሻረ።

ሱብሒስ እንዴት ልስገድ አልኳት። እሱ ከአላህ ጋር ነው፣ ከሰው ጋር አይደለም አለች። ምላሴን ስለምታውቅ ደጋግማ አስጠነቀቀችኝ። ወፍጮ ቤት ውዬ እየጮኹ ማውራት ለምዶብኛል። ሰይድ ከጥግ ፈገግ ያለ መሰለኝ። በምላሴ ሲቀለድ ድሮም ደስ ይለው ነበር።


ረቡዕ፣ መስከረም 28

ተናገርኩ።

ከመጀመሪያው ልጻፈው። ሰግጄ ወጣሁ። ኮረብታው በጤዛ ርሷል፤ ቀሚሴ እግሬ ላይ ይጣበቃል። ቁጥቋጦውን እማ እንዳለችው ከድንጋይ ካቡ ሥር አገኘሁት። ጎንበስ ብዬ ለጋ ለጋውን እየቀነጠስኩ ነጠላዬ ጫፍ ላይ አደርጋለሁ። አንዱን ያዝኩ። ቅጠል ነው። ጅማት አለው። ጫፉ ላይ ተባይ የበላው የመሰለ ቡኒ ነጥብ ሳይቀር አለው። ሳብ ሳደርገው ጣቴን ያዘኝ።

እግር አለው። ቀጫጭን፣ እንደ ክር። ራሱን አዙሮ አየኝ። ወላሂ አየኝ።

"እማ!" ብዬ ጮህኩ። ቢስሚላህ ብል እንኳ ከአላህ ጋር ነው ብዬ እከራከር ነበር። ይህን ያህል ሴት ሆኜ፣ እማ!

አራገፍኩት። የት እንደወደቀ አላየሁም። ፌንጣ ነው እንዳልል አልዘለለም። ቆሜ ቁጥቋጦውን አየሁ፣ ነፋስ መጣ፣ ቅጠሉ ሁሉ ተወዛወዘ። የትኛው በነፋስ እንደሚወዛወዝ፣ የትኛው እያስመሰለ እንደሆነ መለየት አቃተኝ። ያን ጊዜ ነው በጣም የፈራሁት። ከዚያ በፊት ስንቱን ሳላውቅ ዳስሼ ይሆን?

ሰማዩ መቅላት ሲጀምር የቀረውን ለቃቅሜ ወረድኩ። እማ በር ላይ ቆማ በዓይኗ ጠየቀችኝ። ራሴን በእሺታ ነቀነቅኩ። ወቀጥኩ። በጥብጣ አጠጣችው። ከዚያ አልሐምዱሊላህ ብላ አሁን መናገር ትችያለሽ አለችኝ።


ሐሙስ

ሌላ ሐሳብ ገባብኝ። ነጠላዬ ላይ ወድቆ ቢሆንስ? ከቅጠሉ ጋር ወቅጬው ቢሆንስ? ስወቅጥ እያንዳንዱን አላየሁም። ሙቀጫውን ሄጄ አየሁት። ታጥቧል። ዘነዘናውን እንደ እብድ አሸተትኩት።

ወፍጮ ቤት አንዲት ሴትዮ ጎመን ታቅፋ አጠገቤ ቆመች። ቅጠሉ የተነቃነቀ መሰለኝ፣ ወደ ኋላ ተስፈነጠርኩ። ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ። ጣቴን ግን ቀኑን ሙሉ በቀሚሴ ስጠርገው ዋልኩ፤ የያዘኝ ቦታ አሁንም ይሰማኛል።

ሰይድ ለውጥ የለውም። ሽንቱ ጠቁሯል አለች እማ። በሽታው እየወጣ ነው አለች።


ዓርብ

ሰይድ ጁምዓ መሄድ አቃተው። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ያለውን የፕላስቲክ አበባ ያያል። ምን ታያለህ አልኩት። በአገጩ አመለከተኝ። ቀረብኩ፣ ምንም የለም። ተነስቶ ጣቴን ይዞ መራኝ።

አለ። ከፕላስቲኩ ቅጠሎች መካከል ቅጠል ሆኖ ተቀምጧል።

ረቡዕ ከነጠላሽ ላይ ሲወርድ አየሁት አለኝ። እፎይ አልኩ፣ አልወቀጥኩትማ! ወዲያው ደግሞ ቀዘቀዝኩ። ከእኛ ጋር ሲያድር ሰንብቷል፣ ማናችንም አላየነውም። ለምን አልነገርከንም ስለው፣ ተደብቆ የለ፣ ለምን አሳብቅበታለሁ አለ።

ከዚያ አወራኝ። ከመጣ ይህን ያህል አውርቶ አያውቅም። ወደ ባሕሩ ሲሄዱ ነው፣ በረሃው ላይ። ደላሎቹ መሣሪያ ይዘው የሸሹትን ሲፈልጉ እሾህ ቁጥቋጦ ሥር ተኙ፤ እሱና የወልድያ አካባቢ ነኝ ያለው አንድ ልጅ፣ ስሙን እንኳ አልጠየቀውም። ሰይድ ሲተነፍስ ደረቱ ይነሳል፣ ሊያስይዘኝ ነው ብሎ ይጨነቃል። ልጁ ግን ቅንጣት አይነቃነቅም። ምን ዓይነት ጎበዝ ነው ብሎ ቀናበት። ሰዎቹ ሲርቁ ተነስ እንሂድ ብሎ ወዘወዘው።

ልጁ ቀዝቅዞ ነበር። አልጠየቅሁትም። ቆይቶ፣ ስተኛ ወዝውዘሽ እንዳትቀሰቅሺኝ አለኝ። ስሜን ጥሪኝ፣ እነሳለሁ።

ለእማ አልነገርኳትም። ይህንንም፣ ያንንም።


እሑድ፣ ጥቅምት 2

ያ ፍጥረት አበባው ላይ የለም። ትራስ አራገፍኩ፣ መጋረጃ አራገፍኩ፣ ጫማ ውስጥ አየሁ። የለም ማለት አልችልም። አላየሁትም ነው የምለው።

ሰይድ ቀን ይተኛል፣ ሌሊት ይነቃል። ቃላት ያምታታል፤ ውሃ ለማለት በር አለ። እማ መድኃኒቱ እየታገለለት ነው ትላለች። የትኛው መድኃኒት? የሻረው? እውነቱን የማውቀው እኔ ብቻ ነኝ፣ አፌ ግን ተለጉሟል። መዝጋት የነበረበት ያኔ ነበር።

ወፍጮ ቤት የጤ/ጣቢያ ሠራተኛ ጤፍ ልታስፈጭ መጣች። የታመመው የጎረቤት ልጅ ነው ብዬ ጠየቅኋት። ፊቷ ተለወጠ። ጉበቱ ነው አለች። እንቅልፉና መምታታቱ ከመጣማ ወልድያ ሆስፒታል፣ ዛሬውኑ። ስለ መርፌውስ አልኳት። መርፌው አይደለም የሚገድላቸው፣ ዘግይተው ስለሚመጡ ነው አለች። ዱቄቷን ተሸክማ ሄደች። አባቴስ ዘግይቶ ነበር? ማንን ልጠይቅ?


ማክሰኞ፣ ጥቅምት 4

ስገባ ሰይድ ተኝቷል። ስሙን ጠራሁ። ሰይድ። ሰይዴ። ደግሜ በወፍጮ ቤት ድምፄ። አልተነሳም።

ወዘወዝኩት። ይቅር ይበለኝ። ዓይኑን ገለጠ፤ እኔን ግን አይደለም ያየው። በዓረብኛ አንድ ነገር አለና ሁለት እጁን ወደ ላይ አነሳ። እጁን ማውረድ ራሱ ጊዜ ፈጀብኝ።

ለእማ ሁሉንም ነገርኳት። መናገሬን፣ የጮህኩትን ቃል ሳይቀር። ትቆጣለች፣ ቅጠሉንም ትተዋለች ብዬ ነበር። ፊቷ በራ! ቅጠሉ አልከዳንም ማለት ነዋ አለች። አንቺ ነሽ የሻርሽው። ነገ ረቡዕ ነው፣ ራሴ እወጣለሁ። ጉልበትሽስ? እየዳኽኩም ቢሆን።

ላድነው ብዬ ያወጣሁት እውነት መልሶ አሰረው። ለመንኳት። ስለ መርፌው፣ ስለ ጉበቱ፣ ሴትዮዋ ያለችኝን ሁሉ። አባትሽንም እንዲሁ ብለው ነው የወሰዱት አለችና ፊቷን አዞረች።

ወስኛለሁ። ነገ እሷ ኮረብታው ላይ ሳለች አወጣዋለሁ። ባለባጃጁን ጎረቤታችንን አናግሬዋለሁ። ወግተውት ቢሞት እኔ ነኝ የገደልኩት። ሳይወጉት ቢሞትም እኔ ነኝ። ከሁለቱ አንዱን መምረጥ አለብኝ፣ ያ ረቢ።


ረቡዕ፣ ጥቅምት 5፣ ወልድያ

ኮሪደር ላይ ተቀምጬ ነው የምጽፈው። ክንዱ ላይ መርፌ ገብቷል፣ ግሉኮስ ይንጠባጠባል። ጉበቱ ክፉኛ ተጎድቷል አሉ። ሌላ ደግሞ ዛሬ ምንም አንልም አሉ። ይተነፍሳል፣ ደረቱ ሲነሳ ከዚህ ይታየኛል።

ጠዋቱን ልጻፍ፣ ሳይጠፋኝ። እማ በጨለማ ወጣች። የዱላዋ ድምፅ እስኪርቅ ጠበቅሁ። እንደ ሌባ። ባለባጃጁ ሰይድን ደግፎ አስገባልኝ፣ እኔ ትከሻዬ ላይ አስደግፌ ያዝኩት። ሚኒባስ ከመርሳ መናኸሪያ ልንይዝ ነው። የእግር መንገዱ አስፋልቱን የሚገናኝበት ጋ ስንደርስ ባጃጁ ቆመ። መንገዱ መካከል እማ ቆማለች። ጉልበቷ ድረስ ጭቃ ነው፤ ወድቃ ነበር። የነጠላዋ ጫፍ በቅጠል ተሞልቷል።

አፏ ጥብቅ ብሏል። እኔ አወራሁ፣ አወራሁ፣ ለመንኩ፣ ጮህኩም መሰለኝ። አትመልስልኝም። መመለስ አትችልም። አንድ ቃል ካወጣች ቅጠሉ ያከትምለታል፣ ሌላ መልቀሚያ ቀን እስኪመጣ ደግሞ ሰይድ አይጠብቅም። ባለባጃጁ ግራ ገብቶት አንዴ እሷን፣ አንዴ እኔን ያያል። እጇን ዘርግታ ብትከለክለን ኖሮ እመለስ ነበር። ለማንም አልናገር፣ እመለስ ነበር።

በሰይድ በኩል ዞራ መጣች። ጉንጩን ነካችው። ዓይኑ ግማሽ ተከፍቷል፣ እሷን ይይ አይይ አላውቅም። ባለባጃጁም እኔም እየሰማን፣ እያወቀች፣ ጮክ ብላ፦

"ሰይዴ፣ የኔ ጌታ፣ ሲወጉህ እንዳትፈራ እሺ። እማ አብራህ ናት።"

ቅጠሉን መንገድ ዳር አራገፈችው። ከዚያ ጠጋ በሉልኝ ብላ ገባች።