ከአጎትሽ ራስ በላይ የበሳሁት ግድግዳ

ልጄ፣ ዓለሜ፣ እጅሽ የነካውን ሁሉ ያለምልምልሽ፤ ከክፉ ዓይን ይሰውርሽ። እኔ ደህና ነኝ፤ ጉልበቴም ተሽሎኛል።

የአባትሽን፣ ነፍሱን ይማረውና፣ ፎቶውን ልሰቅል ብዬ ታናሽ ወንድሙን የግድግዳ መብሻ ድሪል አውሰኝ ብለው፣ ሚስቱ ፊት «የሴት እጅ ያበላሸዋል» አለኝ። አንጀቴ እርር አለ! በማግስቱ ሱቅ ሄድኩ። ባለሱቁ «እማማ፣ አልፎ አልፎ ለቤት ከሆነ ውዱ ምን ያደርግልዎታል? በባትሪ የሚሠራው ሳይነካ ሲቀመጥ ባትሪው ይሞታል። በገመድ የሚሠራውን ርካሹን ይውሰዱ፤ ብቻ ለብሎኬት እየመታ የሚበሳ ይሁን» አለኝ። አስሞክሬ ገዛሁ።

ፎቶውን ሰቀልኩ፤ ልቤ ግን ብድሬን ካልመለስኩ አላርፍ አለ። የአጎትሽ ሚስት መደርደሪያ ስቀልልኝ እያለች ስትለምነው ስንት ጊዜዋ! እሱ ሳሎን ሻዩን ሲጠጣ ድሪሌን ይዤ ቤታቸው ገባሁና ወንበር ላይ ወጥቼ፣ ለመደርደሪያው ከራሱ በላይ ግድግዳውን በሳሁት። አቧራው ሻዩ ውስጥ ገባ።

«ምነው እትዬ!»

«ዝም ብለህ ወንበሩን ያዝልኝ፣ እንዳልወድቅ» አልኩት።

ያዘልኝ። ሚስቱ አፏን ይዛ ሳቀች።

አንቺም የራስሽን ግዢ፤ ስትበሺ መነጽር አድርጊ። ዕድሜና ጤና ይስጥሽ፣ ቤትሽ ይሙላ። አደራ፣ አጎትሽ ደውሎ ቢያለቅስብሽ ለማስታረቅ አትቸኩይ፤ ትንሽ ልደሰትበት።

እናትሽ