አንድም ቀን ያልቀረው ስብሓት

መቀሌ፣ ሰሜን ክፍለ ከተማ
ጥቅምት 16 ቀን 2018 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ለባለቤቴ ለስብሓት፤

እንደምን ሰነበትክልኝ? እኔና ልጃችን ኤልሻዳይ ደህና ነን። ውሃው በፈረቃም ቢሆን ይመጣል፣ ጣሪያውም ክረምቱን ችሎልናል፣ ተመስገን ነው። ይህን የምጽፍልህ ከአንተ ዘንድ የመጣው ነስረዲን ነገ ወደ ካምፓላ ስለሚመለስ ነው። አንተ ወረቀት ትተህ ድምፅ ብቻ መላክ ከጀመርክ ቆየህ፤ በስልክ ደግሞ ገና ሰላም ሳልልህ ካርድ አለቀብኝ ትላለህ። ወረቀት ግን ካርድ አያልቅበትም፤ እስከ መጨረሻው ታነበኛለህ።

ትልቁ ወሬ ያለው መጋዘን ነው። ሓወልቲ ክፍለ ከተማ ባለው ቢሯችን ያለውን የኮምፒውተር ማሽን ታስታውሰው የለ? የድርጅቱን ትዕዛዝ፣ የዕቃውን መግቢያና መውጫ፣ የየሱቁን ስም ሁሉ የያዘውን። በዚያ ክፉ ጊዜ አለቃችን አቦይ ፍሰሃ በራሳቸው ብርድ ልብስ ጠቅልለው ያቆዩት፣ መብራት ሲመለስ ሳል እንደያዘው ሽማግሌ እያጓራ የተነሳው ማሽን። ባለውለታችን ነው፤ ግን አረጀ። እሱ ሲሞቀው ሥራ ይቆማል፤ ሓወልቲ መብራት ሲሄድ እዚህ ሰሜን ሳሙናና መኮሮኒ የጫነ አይሱዙ በር ላይ ተገትሮ ይውላል። ሾፌሮቹ ይነጫነጫሉ፣ ባለሱቆቹ ይደውላሉ፣ ስድቡን የምቀበለው ደግሞ እኔ ትዕዛዝ ተቀባይዋ ነኝ። በመጨረሻ አቦይ ፍሰሃ ሁሉንም ወደ ክላውድ እናሻግር አሉ። ክላውድ ማለት እኔ እንደገባኝ፣ የራስህን ቤት መጠገን ሲሰለችህ፣ ዘበኛና ጄኔሬተር ያለው ትልቅ ግቢ ውስጥ ክፍል መከራየት ነው። ዕቃህ እዚያ ይቀመጣል፤ አንተ የትም ሆነህ በስልክህ ትከፍተዋለህ።

እኔ እንደምታውቀኝ ዝም ብዬ አልተቀበልኩም። ኢንተርኔት ተቋርጦብን የኖርን ሰዎች ነን፤ ኔት ሲጠፋስ ብዬ ከአዲስ አበባ የመጣውን ባለሙያ ኤርሚያስን አፋጠጥኩት። ትዕግሥተኛ ሰው ነው። ስልኩ የተሠራውን ይዞ ይቆያል፣ ኔት ሲመለስ ይልከዋል አለኝ። አቦይ ፍሰሃ ደግሞ "ጽቡቕ፣ ደግ ነው፤ ግን አንድ ቅጂ እዚሁ እኔ ጋ ይቀመጥ" አሉ። ብርድ ልብሱንም እስካሁን ወደ ቤታቸው አልመለሱትም።

ወደ ነገሬ ልግባ። ሑመራ ዕቃ ልታደርስ የሄድክ ጠዋት "ሁለት ቀን ነው" ብለህ ለረዳትህ ለቀለሙ የይለፍ ቃልህን ሰጥተኸው ነበር። ሁለቱ ቀን አምስት ዓመት ሆነ። መንገዱ ተዘጋ፣ አንተ ሱዳን ገባህ፣ እዚያም ሲብስ ካምፓላ። እዚህ ድርጅቱ እንደገና ሲከፈት ቀለሙ ሲስተሙን የከፈተው በአንተ ስም ነው። ቃሉን ከእሱ ሌላው ተቀበለ፣ ከዚያ መጋዘኑ በሙሉ። እያንዳንዳችሁ በየስማችሁ ተመዝገቡ ቢባሉ ማን ሰምቶ። ጠዋት ጠዋት ጫኞቹ "ስብሓት ገብቷል?" ብለው ይጠይቃሉ፤ ቀለሙ "ገብቷል፣ ጫኑ" ይላቸዋል። መጀመሪያ ሰሞን ይህን ስሰማ ወደ በሩ እዞር ነበር። አሁን ግን ካልሰማሁት ቀኑ የጀመረ አይመስለኝም። የይለፍ ቃልህ የእኔ ስም መሆኑንም ጫኝ አውራጁ ሁሉ ያውቃል። አሳፍረኸኛል፤ ደስም ብሎኛል።

ታዲያ ኤርሚያስ ወደ ክላውድ የሚሻገሩትን ሠራተኞች ስም ሲያጣራ አንድ ነገር አገኘና ሁላችንንም ሰበሰበን። "ይሄ ስብሓት የሚባለው ማነው?" አለ። "የዓመት ፈቃድ ወጥቶ አያውቅም። በፋሲካም ሠርቷል። ባለፈው ሳምንት በአንድ ጊዜ እዚህም ሓወልቲም ሆኖ ዕቃ ሲያወጣ ይታያል። ወይ መልአክ ነው ወይ ሌባ።"

ቀለሙን ላብ አጠመቀው። አቦይ ፍሰሃ ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰው ሁሉ ዞሮ እኔን ሲያይ ተነሳሁ።

"ባለቤቴ ነው" አልኩት። "መልአክ አለመሆኑን እኔ እመሰክራለሁ። ሌባም አይደለም። ከሄደ አምስት ዓመቱ ነው።"

ኤርሚያስ ደነገጠ። "ይቅርታ እትዬ፣ አላወቅኩም" አለኝ። ወደ ቀለሙ ዞረና "ታዲያ ለምን አልዘጋችሁትም?" ሲለው፣ ቀለሙ ወለል ወለሉን እያየ "ማን ይዝጋው?" አለ።

እኔ ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሄጄ አለቀስኩ፤ ፊቴን ታጥቤ ተመለስኩ። ስብሓት፣ ሰው አለህ። እኔ ብቻዬን የጠበቅኩህ ይመስለኝ ነበር። ለካ መጋዘን ሙሉ ሰው በየጠዋቱ በስምህ ሥራ እየጀመረ አብሮኝ ሲጠብቅ ኖሯል። ለዚህ ምስጋና ከየት እንደማመጣ አላውቅም።

አሁን ያለው ችግር ይህ ነው፤ በአዲሱ አሠራር በአንድ ሰው ስም ሌላ ሰው አይገባም። ቀለሙም ሌሎቹም በየስማቸው ተመዝግበዋል። እያንዳንዱ ሠራተኛ በገዛ ስልኩ "እኔ ነኝ" ብሎ ማረጋገጥ አለበት፤ ዓርብ እስኪመሽ ያላረጋገጠ አይሻገርም፣ ስሙ ይሰረዛል። ይህን ሲሰሙ አቦይ ፍሰሃ "እንታይ ማለት ነው ይሰረዛል?" ብለው ተቆጡ። "ዕቃዬን አስጭኜ የላክሁት እኔ ነኝ። እኔ ላክሁት እንጂ እሱ አልሄደም።" ከዚያ ለብቻዬ ጠሩኝና "ጓለይ፣ ልጄ፣ ለባልሽ ጻፊለት። ስርጭቱን የሚቆጣጠር ሰው አልቀጠርኩም፤ ቦታው የእሱ ነው" አሉኝ።

ሥራው መኪኖቹ የት እንደደረሱ በስልክ ማየት፣ ሾፌሮቹን ማዘዝ፣ ማን እንደተረከበ ማረጋገጥ ነው። አዲሱ ሲስተም መንገዱን ያውቃል፤ የባለሱቆቹን አመል የምታውቀው ግን አንተ ነህ። የውቅሮ መንገዷ ሴትዮ ከቀትር በኋላ የመጣ ዕቃ እንደማትቀበል ለኤርሚያስ ማን ይንገረው?

አውቃለሁ፣ በመጨረሻው ድምፅህ "መጋዘን የሚፈልገው ጉልበት ነው፤ እኔ ምን ልሠራ እመጣለሁ?" ብለኸኛል። ብዙ ጊዜ መልሼ ሰማሁት። ስለዚህ ኤርሚያስን ጠየቅኩት።

"ሥራው በአንድ እጅ ይሠራል?" አልኩት።

"በአንድ ጣት ይሠራል" አለኝ።

"በግራስ?"

ትንሽ አየኝና "በግራም ይሠራል፣ እትዬ" አለኝ።

ነስረዲንን እንዳትቆጣው። የነገርከውን ምሥጢር አላወጣም። ደህና ነው፣ ይስቃል፣ ወፈር ብሏል አለኝ። ሻይ በየትኛው እጁ ነው የሚጠጣው ስለው ነው፣ "በግራው" ብሎ ያቀረቀረው። ከዚያ በላይ አልጠየቅኩትም። የቀኝ እጅህን ነገር ያን ያህል ጊዜ ብቻህን ይዘህ መኖርህ አናደደኝ፣ በውነት አናደደኝ። ሲበርድልኝ ግን ተንበርክኬ አመሰገንኩ። እኔ የምጠብቀው አንተን ነው፤ አንተ ደግሞ ተርፈህልኛል።

መልእክቱ ዓርብ ጠዋት ወደ ስልክህ ይመጣል። "በስብሓት ስም የሚሠሩት እርስዎ ነዎት?" ይልሃል። ከሥሩ ሁለት ቁልፍ አለ፤ አንዱ "አዎ"፣ አንዱ "አይደለሁም"። ይህን ቀለሙ ሊነካልህ አይችልም፣ እኔም አልችልም። ኤርሚያስ፣ እዚያው ካምፓላ ሆነህም መጀመር ትችላለህ ይላል። ጀምር፣ ግን እዚያ እንዳትለምደው፤ እኔ የምፈልገው እዚህ ሆነህ ስትሠራ ነው። ኤልሻዳይ አባዬ ትከሻ ጋ ደርሻለሁ እያለች በር መቃን ላይ ምልክት ታደርጋለች፤ መጥተህ አጠገቧ ቁም።

ያስጠጉህን ሰዎች ቤታቸውን ጌታ ይሙላላቸው፤ እጃቸውን ሳምልኝ። ከሑመራ ሱዳን፣ ከሱዳን ካምፓላ ያሻገረህ አምላክ ይቺን የመጨረሻዋን መንገድ ቀና ያድርግልህ። አቦይ ፍሰሃ፣ ቀለሙና መጋዘኑ በሙሉ በያሉበት ሰላም ብለውሃል።

የይለፍ ቃልህ፣
የትምወርቅ

የረሳሁት፦ "አዎ" የሚለው ቁልፍ ትልቅ ነው። ስልኩን በግራ እጅህ ይዘህ በዚያው እጅህ አውራ ጣት ትደርስበታለህ። ሞክሬዋለሁ።